ለሦስት ጣት የተሠራ እጀታ

ስደተኛ የሚወጣው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነው። አባቴ «ሲመሽ ውጣ፣ ሰው አይይህ» ብሎኝ ነበር። የሰረቅሁት የለ፣ የገደልሁት የለ፣ ምን ብዬ ነው መሸት እስኪል የምጠብቀው? ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በሶዬንና አንዲት ሞረዴን ባቁማዳ ይዤ በገበያው መሃል አለፍሁ። ጨው ሻጩም በርበሬ ሻጩም ቀና ብሎ አየኝ። ሰላም ያለኝ አልነበረም። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርሁ። ዛሬ ጥርሴ አልቆ እንኳ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አገሬ ወሎ ነው፣ ወረሂመኖ፣ ደጋው። ስደት ማለት ባሕር መሻገር ብቻ ነው የሚል ካለ ከደጋ ወርዶ አዋሽ ላይ አንድ ሰኔ ይሰንብትና ያውራኝ።

ጥፋቴ እጀታ መሥራት ነበር። ትስቁ ይሆናል፣ ግን እውነቴን ነው። በኛ አገር ገበሬ ሞፈር ቢጠርብ፣ ለመጥረቢያው ዛቢያ ቢያበጅ ማንም ክፉ አይናገረውም። የቢላዋ እጀታ ግን ሌላ ነው። ቢላዋ እጀታው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጭራ አለው። ያን ጭራ በእሳት ታግለዋለህ፣ ፍም ሲመስል እንጨቱ ውስጥ ትሰደዋለህ፣ እንጨቱ እየጨሰ በብረቱ ልክ ይበላለታል። እንዲህ የገባ አይነቃነቅም። እኔን ይህ ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሌላው ገበጣ ይጫወታል፣ እኔ እጀታ እሠራለሁ። ለጎረቤት ሁሉ በነጻ ሠራሁ። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ የጋለ ብረት ይዤ አየኝና አለቀ። እንጨት ከጠረብህ ገበሬ ነህ፣ ብረት ካጋልህ ቀጥቃጭ ነህ፣ ቀጥቃጭ ከሆንህ ደግሞ ቡዳ ነህ፣ ሰው በዓይንህ ትበላለህ። ይህን ያወራው ሰው እኔ በሠራሁለት እጀታ በግ ሲያርድ የኖረ ነው!

የታናሽ እህቴ የዘይነባ ሠርግ ቀን ተቆርጦለት ነበር። የእጮኛዋ ቤት ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፣ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም። «እሳት ዳር የሚውል ልጅ ቤታችሁ አለ አሉ» አሉ። አባቴ «የለም» አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የለም ከተባልሁ እንግዲህ አለሁ ማለት አልችልም። ማታውን «ልጄ፣ አንድ ዓመት ዘወር በል፣ ትዳሯ ይርጋ» አለኝ። ትዳሯ ረጋ፣ ወለደች፣ አያት ሆነች። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ዘወር እንዳልሁ ነኝ።

ከደሴ በጭነት መኪና ጥጥ ለቃሚዎች ላይ ተደርቤ ወረድሁ። ባቲን ስናልፍ ጋቢዬ ከበደኝ፣ ሚሌ ስንደርስ ሸሚዜ ከበደኝ፣ አዋሽ አርባ አጠገብ እርሻው ላይ ሲያራግፉን ቆዳዬ ራሱ ከበደኝ። በኛ አገር ውሃ ቀዘቀዘ ብሎ አላህን የሚያመሰግን ሰው አይቼ አላውቅም፣ እዚህ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ላጠጣህ ሰው ዕድሜ ልክህን ዱዓ ታደርግለታለህ። ንፋስ መጣ ብዬ ደረቴን ብከፍትለት ከምድጃ የወጣ ነው። የገብስ ቂጣ የለመደ አፌ የግመል ወተት ሲቀምስ ጭስ ጭስ አለውና ደነገጥሁ። ኋላ ግን እሱ ሲጠፋ አገሬ የጠፋ ያህል ይከፋኝ ጀመር።

ጥጥ ለቀማው ሲያልቅ እርሻው ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝና አዋሽ ከተማ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ከሸዋ የመጡ ሴት ናቸው። በሙቀቱ የተነሳ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው።

«እትዬ፣ ደጅ ከተኛሁ ቤቱን ለምን እከራያለሁ?» አልኋቸው።

«ቤቱ ለዕቃህ ነው።»

«ዕቃ የለኝም።»

«እንግዲያ ዕቃ እስክትገዛ ባዶውን ጠብቀው» አሉኝ። ባዶ ቤት እየጠበቅሁ ደጅ ማደር እንዲህ ተጀመረ።

ሰፈሩ ውስጥ ያለነው ከወሎም፣ ከከምባታም፣ ከሐረርጌም የመጣን ነን። እኔም እጀታ እንደምሠራ ለማንም አልተነፈስሁም። ከዘበኝነቴ ስወጣ ቦይ ዳር ከሰው ርቄ፣ ግንድ ላይ ተቀምጬ እፍቃለሁ። አንድ ቀን ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል ረጅም አፋር፣ በወገቡ ጊሌ የታጠቀ። ጊሌ የአፋሮች ቆልመም ያለ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው ቢላዋ ነው። እጄ ላይ ያለውን አየና «አንተ ሠራህ?» አለኝ።

«አይ፣ እኔ አይደለሁም።»

አባቴ እኔን «የለም» እንዳለኝ እኔም እጄን «የለም» አልሁት። ሰውዬው አጠገቤ ተቀመጠና የራሱን ጊሌ መዘዘ። እጀታው ላልቶ ይንቀጫቀጫል።

«እሺ፣ የሠራውን አሳየኝ። ወደሱ ልሂድ» አለ።

ጊሌውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ «እኔ ነኝ» አልሁት። ይስቅብኛል ወይም ይሸሸኛል ብዬ ነበር። እጄን ያዘና ገልብጦ አየው፣ ጠባሳውን ሁሉ አንድ በአንድ አየው። «ጥሩ እጅ። ለምን ትዋሻለህ በሱ?» አለኝ። ይህ ሰው ሐመዱ ነው። ስለ ሌላው ሰው አልምልም፣ ሐመዱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ መሃል «ሰይድ! ባለ እጁ!» ብሎ ነው የሚጠራኝ። አገሬ ገበያ ላይ ያጣሁትን ሰላምታ አዋሽ ገበያ ላይ አገኘሁት።

ከሱ ሌላም ነገር ተማርሁ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ። ይህን ዳጉ ይሉታል። በኛ አገር ወሬ ያቀበለ ይሰደባል፣ በነሱ ወሬ የዋጠ ይሰደባል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እጀታ ብቻ ነው። ሥራ ማለቴ አይደለም፣ ደስታዬ ማለቴ ነው። ሽጬ አላውቅም። ቢላዋ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ጭቃ ይጨብጥልኛል፣ የእጁ ልክ እዚያ ላይ ይቀራል። ያን አድርቄ እያየሁ እንጨቱን በሞረድ አወርደዋለሁ፣ በጠርሙስ ስባሪ እፍቀዋለሁ፣ በሰሊጥ ዘይት እያሸሁ አሳድረዋለሁ። የሁለት ሰው እጅ አንድ ሆኖ አያውቅም። ሱቅ ያለው እጀታ ለሁሉም ነው ይባላል፣ ለሁሉም የሆነ ለማንም አይሆንም።

ሐመዱ ሾፌር ልጁን ተከትሎ ሰመራ ገባ። እዚያ ጭነት ሲያስሩ ገመድ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት፣ ትንሿንና የቀለበቷን። የአባቱን ጊሌ ሲጨብጠው ይሾልክበት ጀመር። ሁለት አረፋ ታናሽ ወንድሙ አርዶለት እሱ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ከቤት አልወጣም። ባለፈው ጊዜ አዋሽ ድረስ መጥቶ ጊሌውን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ሰይድ፣ በዚህ አረፋ በእጄ ካላረድሁ እንግዲህ ሐመዱ ሞቷል በሉ» አለኝ። ጭቃውን ሲጨብጥ የቀሩት ሦስት ጣቶች ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚለፉ አየሁ።

ሁለት አበላሸሁ። ሦስተኛው ሆነልኝ። ጣቶቹ በጎደሉበት በኩል እንጨቱን አሳበጥሁት፣ ጫፉን መዳፉ ሥር ገብቶ እንዲደገፍ አጎበጥሁት። በዛፍ ሙጫና በከሰል ዱቄት አጣብቄ በአንዲት የናስ ምስማር ወጋሁት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል፣ ይህን ስል አላፍርም። ጊዜው ግን ተጣበበ፣ አረፋ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ሚኒባስ የያዝሁት።

መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ጥቅልሉን ፈታው።

«ፋዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጊሌ ነው፣ ልጄ።»

«መሣሪያ ነው። አያልፍም።»

«እዚያ የቆመው ሰው ወገቡ ላይ ያለውስ?»

«እሱ አፋር ነው፣ ባህሉ ነው።»

«ይሄም የአፋር ነው። ባለቤቱ ሰመራ ነው ያለው። እኔ አልታጠቅሁትም፣ አደርሳለሁ እንጂ።»

«አየህ፣ አንተ ባህሉን እያመላለስህ ነው። ባህል ለማመላለስ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

ጨበጠው፣ አገላበጠው፣ አልመች አለው። «ደግሞ ጠማማ ነው። ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«አልተበላሸም። አንተ አምስት ጣት ስላለህ ነው።»

«ፋዘር፣ ስድብ ነው?»

«ምርቃት ነው» አልሁት። ጊሌውን አስቀረው። ሐመዱን እንዳልነግረው እሱ ስልክ አይዝም፣ የልጁ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው፣ ጅቡቲ ወርዷል። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ለደብዳቤው ወደ አዋሽ ተመለስሁ።

በማግስቱ ቀትር ሲቃረብ ከተማው ውስጥ አንድ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ይመስላል፣ ከረባት አስሯል፣ በዚያ ሙቀት! ጠረጴዛው ማዶ አንዲት ሴት ምሳዋን ከፍታ ለመብላት ትዘጋጃለች።

«የሥራ ዘርፍዎ? ንግድ ነው ማምረቻ?»

«አንዱም አይደለም። ለደስታዬ ነው የምሠራው።»

«ኮምፒውተሩ ደስታ የሚል የለውም፣ አባባ።»

«ጨምርበት።»

«ከላይ ነው የሚመጣው፣ እኔ አልጨምርም። ካልሸጡት ለምን ይሠራሉ?»

«አንተ ኳስ ታያለህ?»

«ሲያምረኝ!»

«ፈቃድ አለህ?»

ሳቀ። እኔም ልቤ ራራለት። ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ «አገርዎ የት ነው?» አለኝ። ወረሂመኖ ስለው ብድግ አለ፤ «የኛ አገር ሰው! ውይ አባባ!» አለና ደስ አለው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ዘርዎ የቀጥቃጭ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሴትዮዋ ሰማች። ምሳዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

ወገኖቼ፣ እኔ ኬላው ላይ አልተናደድሁም ማለት ይቻላል። ፈታሽ ነው፣ እንጀራው ነው። ያቺ ነጠላ ግን! አርባ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ስሸሻት የኖርሁት ነገር ቀድማኝ መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የተማሩ ናቸው፣ ዲግሪ አላቸው፣ በጣታቸው ስልክ እየነኩ ዓለምን ያያሉ፣ እኔ ግን ወጣቸውን በዓይኔ እጠጣባቸዋለሁ! ተነሳሁና «ልጄ፣ ምሳሽን ግለጪው። እኔ የሰው እጅ እንጂ የሰው ምሳ አይቼ አላውቅም» አልኋት። ለጸሐፊው ደግሞ «አባቴ ገበሬ ነው። ቀጥቃጭ ቢሆንም ኖሮ እዚህ ቆሜ አዎ እልህ ነበር። የምታርስበትን ማረሻ፣ የምታርድበትን ቢላዋ የሰጠህን ሰው ነው እንደ ጅብ የምትፈራው» አልሁት። ልጁ ቀላ። ደብዳቤውን ግን አልሰጠኝም፤ ሥራ ሳይኖር ደብዳቤ አይወጣም አለኝ።

ባዶ እጄን በማግስቱ ወደ ኬላው ሄድሁ፣ አረፋ ሊሆን አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል። ዛሬ የፈታሾቹ አለቃ አለ፣ ዕድሜው ጠና ያለ። ነገሩን አስረዳሁት። ጊሌውን አስመጥቶ አየና ብዙ አሰበ።

«ስለቱ ብቻውን ብረት ነው፣ ብረት ያልፋል። እጀታው ብቻውን እንጨት ነው፣ እንጨት ያልፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው መሣሪያ የሚሆነው» አለኝ።

«ስለዚህ ላለያያቸው?»

«ካወቅህበት።»

ካወቅህበት ይለኛል! የደከምሁት ሁሉ ሁለቱ እንዳይለያዩ ነበር። ተናደድሁ፣ ግን የሐመዱ በግ ሰመራ ላይ ታስሮ ይታየኛል። አጠገባቸው ሻይ የምታፈላ ሴት አለች፣ ከከሰሏ ዳር አስቀመጠችኝ። ስለቱን እሳት እንዳያበላሽብኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልሁት። ያ ወጣት ፈታሽ ምስማርና ድንጋይ አምጥቶ፣ ተንበርክኮ ያዘልኝ። «በዚህ በኩል ነው ፋዘር? ቀስ በል፣ እንዳትሰነጥቀው!» እያለ ይጨነቅልኛል። ከትናንት ወዲያ የከለከለኝ እሱ ነው! የናሷ ምስማር ተጣማ ወጣች፣ ሙጫው ለሰለሰ፣ እጀታው እንደ ጥርስ ተነቀለ።

ይህን ሁሉ አንድ ፍየል የያዘ አፋር ቆሞ ያይ ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ አለና ከየት መጣህ፣ ምን ሆንህ አለኝ። ከሱ ምን እደብቃለሁ፣ የማን ጊሌ እንደሆነ፣ ስንት ጣት እንደቀረው፣ ለምን ቀን እንደምፈልገው ሁሉንም ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሰሜን በሚሄድ ከባድ መኪና ላይ ፍየሉን ጭኖ ሄደ።

ስለቱን በአንድ ጥቅልል፣ እጀታውን በሌላ አሰርሁ። «ከኬላው ማዶ ብገጥመውስ?» አልሁት አለቅዬውን።

«የኛ ፍተሻ እስከዚያች ግራር ድረስ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ገዋኔ ስደርስ ወደ ሰመራ የሚሄድ መኪና አጣሁ። በማግስቱ አረፋ ነው፣ መንገዱ ጭር አለ። እዚያው አድሬ፣ የአረፋ ጠዋት ከሾፌሮቹ ጋር ሰግጄ፣ «ኢድ ሙባረክ» ተባብለን፣ እነሱ ወደየዘመዶቻቸው ሄዱ፣ እኔ አንድ የተዘጋ ጋራዥ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ሐመዱ በዚህ ሰዓት ከቤቱ አልወጣም እያልሁ እበሳጫለሁ። ወረሂመኖ ቢሆን በዚህ ሰዓት ጉም ገና አልተገፈፈም፣ የሚታረደው በግ ላይ ጤዛ አለ። እዚህ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ከሰዓት መካኒኩ የረሳውን ሊወስድ መጣ፣ ደብረ ብርሃን ያደገ ወሬኛ ሰው ነው።

«አባቴ፣ በበዓል ቀን ቢላዋና ዱላ ለየብቻ ይዘህ ምን ትሠራለህ?»

«የሚያገናኛቸው ናስ አጥቼ ነው።»

ገብቶ የብየዳ ናስ ዘንግ ቆርጦ አመጣልኝ፣ ከሰልም አቀጣጠለልኝ። ልኳ ነበር! ብረቱን አግዬ ስገጥም ከአጠገቤ አልሄደም። ልክ እንደ ልማዴ ለመሸሸግ ጀርባዬን ልሰጠው ቃጣኝ፣ ከዚያ ተውሁት። ያየ ይይ።

በማግስቱ ጠዋት በጨው መኪና ሰመራ ገባሁ። ሰመራ ሜዳ ላይ የተበተነ አዲስ ከተማ ነው፣ ንፋሱ ጆሮ ውስጥ አሸዋ ይጭናል። የሐመዱን ግቢ ሳንኳኳ ወንድሙ ያሲን ከፈተልኝ። ሰላም ሳይለኝ «መጣህ? ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብን!» አለኝ። ከኋላው በጉ እንደታሰረ ቆሟል፣ ይበላል።

«አልታረደም?» አልሁ።

«ወሬ መጣ። አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ኬላ ላይ የሐመዱን ጊሌ በእሳት ሲፈታ አየሁ የሚል። ከዚያ ወዲያ ሐመዱ በጉን የሚነካ ሰው እገድላለሁ አለ። ትናንት ሰው ሁሉ አረደ፣ እኛ አየን!»

የሐመዱን ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ፤ «አንተ ያሲን፣ ማረድ ሦስት ቀን አልተፈቀደም? ኡዝር አለኝ፣ በቂ ምክንያት አለኝ፣ አላህ ያውቃል!» እያለ ወጣ። እጄን አልጨበጠኝም፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጊሌውን አስጨበጥሁት። ሦስቱ ጣቶች ዞረው ተቀመጡ፣ ጉብታው መዳፉ ሥር ገባ። ወዘወዘው። አልሾለከም። ፊቱ ሲበራ አየሁ። ከዚያ እንጨቱን አሸተተ።

«ምን እንጨት ነው?»

ልዋሽ አልቻልሁም። «ያ እሾሃም ዛፍ ነው። የደርግ ዛፍ የምትሉት።»

ያሲን ጮኸ። ይህ ዛፍ ከውጭ መጥቶ ነው ሸለቆውን የወረረው፣ የግጦሹን ሣር ያጠፋው፣ እሾሁ የከብቱን እግር የሚያሰነክለው፤ አፋር ስሙን ሲጠራ ይተፋል። እኔ ሞኝ፣ ያየሁት ጥንካሬውንና ቀለሙን ብቻ ነበር፣ የማይሰነጠቅ፣ እንደ ማር የሚያበራ።

«የአባቴ ጊሌ ላይ?» አለ ሐመዱ ቀስ ብሎ። «ግመሌን ያስራበውን?»

«ሌላው እንጨት ሁለቴ ከዳኝ። ሌላ ከፈለግህ እሠራልሃለሁ፣ ግን ለዛሬ አይደርስም።»

እጀታውን አገላበጠው። «ከግመሌ ብዙ ወስዷል» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ይሥራልኝ እንግዲህ።» በጉን በግራው ያዘ፣ ያሲን እግሩን ያዘ፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና በአንድ ስበት ጨረሰው። ከጎረቤት አጥር በላይ ራሶች ነበሩ፣ አንድም የሳቀ አልነበረም። ሐመዱ ቀና ብሎ ወደነሱ «ባለ እጁ ይሄ ነው!» ብሎ በጊሌው አመለከተኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ሥጋው ከተበላ በኋላ ለእህቴ ደወልሁ። በየበዓሉ እንደዋወላለን፣ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቿ እናወራለን፣ ስለ እጄ ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም። እንደ ሰከረ ሰው ሁሉንም ነገርኋት፣ ኬላውን፣ ነጠላውን፣ ሦስቱን ጣቶች።

«ወንድምዓለም» አለችኝ መጨረሻ ላይ፣ «የኔም ቀኝ እጅ ተበላሸ። ቁርጥማት ነው። መካከለኛዋ ጣት አልታጠፍ አለች፣ ቢላዋ ይወድቅብኛል። ሽንኩርት እንኳ ልጆቹ ናቸው የሚከትፉልኝ።»

«እሠራልሻለሁ፣ እታለም! አሁኑኑ!»

«ብትልክልኝ… ለሚታመን ሰው ስጠው። ማን እንደሠራው እንዳይናገር። እኔም ከአዋሽ ገበያ የተገዛ ነው እላለሁ።»

ተገዛ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ሽጬ አላውቅም። ለሷ ብዬ ወጥቻለሁ፣ ለሷ ብዬ አልተመለስሁም፣ አሁን ደግሞ እጀታዬ በስውር ይግባ?

«ዘይነባ፣ እሠራዋለሁ» አልኋት፣ ድምፄን ሳላነሳ። «አንድ ነገር ብቻ። ማነው የሠራው ሲሉሽ ወንድሜ ነው ትያለሽ።»

ከማዶ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ። ባሏ ሲያስል ሰማሁ፣ ያ ሠርጉ ሊቀርበት የነበረው ልጅ፣ አሁን ሽማግሌ ነው።

«ልደውልልህ» አለችና ዘጋች።

ይህን የምጽፈው አዋሽ ተመልሼ ነው። አረፋ ካለፈ ሁለት ወር ሆነ። እንጨቱን መርጫለሁ፣ ለሴት እጅ ቀለል ያለ፣ ግን አልቆረጥሁትም። የማውቀው ከገበያ ስመለስ ጭነቴን ትቀበለኝ የነበረችውን ኮረዳ እጅ ነው። የአሁኑን እጇን አላውቀውም። ስልኩን በሄድሁበት ይዤው እዞራለሁ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ሻይ ቤት ሁሉ እሰካዋለሁ።